በዝናብ ቀን የሚመለስ ገንዘብ ኪሳራ አይደለም

በስዊዘርላንድ ኢንተርላከን አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1999 አንድ አስጎብኚ ድርጅት ቱሪስቶችን ይዞ ወደ ዛክሰትባኽ ወንዝ ሸለቆ ገባ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ውሃ ሆኖ 18 ቱሪስቶችንና 3 መሪዎችን ገደለ። በ2000 ደግሞ ለከፍተኛ ዝላይ የተዘጋጀ ረዥም ገመድ በዝቅተኛው ቦታ ታስሮለት ሌላ ቱሪስት ሞተ። ድርጅቱም ተዘጋ። በ2001 ፍርድ ቤት 6 ኃላፊዎችንና ሠራተኞችን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ቢላቸውም፣ እስራቱ በገደብ ታለፈ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኸው ነው።

እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ፈቃድና የኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዲይዙ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ2014 ነው። መዘግየቱ የሚጎዳው ቱሪስቱን ብቻ አይደለም። አስገዳጅ ሕግ በሌለበት ገበያ ለሥልጠናና ለመሣሪያ የማያወጣው ዋጋ ሰብሮ ደንበኛ ይወስዳል፤ ጠንቃቃው ይከስራል። ሕጉ ሁሉንም እኩል ሲያስከፍል ግን ውድድሩ በአገልግሎት ጥራት ይሆናል።

ስለዚህ ባለሀብቱ ፈቃድንና ኢንሹራንስን እንደ ቅጣት ባይቆጥራቸው ይበጀዋል። ሰማዩ ሲጠቁር ለደንበኛው የሚመለሰው ገንዘብ የድርጅቱን ዕድሜ ይገዛል።