ቀስቱን ከመወልወላችን በፊት

«ሥጋው በየሱቁ ሞልቶ ተርፎ፣ ቀስት አንግቶ ገደል ለገደል መንከራተት ምን ይሉታል?» አሉን ኦሮራ የሚኖሩ አንዲት እናታችን። ስቀን አለፍነው። ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከተለን።

እኛ ማለት አዲስ አበባ አድገን ዴንቨር አካባቢ የተገናኘን ሦስት ጓደኛሞች ነን። በመጪው ሴፕቴምበር በኮሎራዶ ተራሮች አጋዘን በቀስት ልናድን ተነስተናል። ወቅቱ ሴፕቴምበር 2 ተከፍቶ በ30 ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው፤ እንቁጣጣሽን ጫካ ልንውል እንችላለን ማለት ነው! ፈቃዱ በእጣ ነው፤ ማመልከቻው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። የአደን ትምህርት ምስክር ወረቀትም ግድ ነው። ስለዚህ ኦገስት ላይ ድንገት «እንሂድ እንዴ?» ብሎ ነገር የለም።

ችግሩ ተራራውን አናውቀውም። ከመካከላችን አንዱ «የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ አይበግረውም» ይላል። ወሬ ነው! አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዴንቨር 1,600 ላይ። ሰውነት የለመደውን ከፍታ በጥቂት ሳምንታት ይረሳል። ትልልቆቹ ወንድ አጋዘኖች ደግሞ በወቅቱ መጀመሪያ፣ ቀንዳቸው ገና በለስላሳ ቆዳ እንደተሸፈነ፣ ዛፍ የሚያልቅበት 3,500 ሜትር አካባቢ ይውላሉ። ስለዚህ በበጋው ቢያንስ ሁለቴ ያለ ቀስት፣ በመነጽርና በካርታ ብቻ እንውጣ እንላለን። ውኃው የት ነው? የግል መሬቱ ከየት ይጀምራል? ከሰዓት በኋላ መብረቁ ሲመጣ በየት እንወርዳለን?

ነፋሱንም መማር አለብን። ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይፈሳል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ሽቅብ ይዞራል። ይህን ያላወቀ አዳኝ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል።

ትልቁ ክርክራችን ግን ርቀት ነው። ልምምድ ሜዳ ላይ 40 ሜትር ያለ ችግር እንመታለን። አንድ ቀን ግን ዳገት ሮጠን፣ ልባችን እየደለቀ ስንሞክር 25ቱንም ሳትን። ወረቀት ሲሳት ያስቃል። እንስሳ ሲቆስል ግን ጫካ ገብቶ ሲሰቃይ ያድራል፤ እኛም አናገኘውም። ስለዚህ ወሰናችን 20 ሜትር ይሁን፤ እዚሁ ቤት እንማማል። እዚያ ቀንድ ከታየ በኋላ ማንም አይሰማም።

ደግሞስ ከወደቀ በኋላ? ሴፕቴምበር ቀኑ ይሞቃል። ቆዳው ቶሎ ካልተገፈፈና ሥጋው ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። የሚበላውን ሥጋ ጥሎ መሄድ ደግሞ በሕግም ያስጠይቃል። ሥጋውን በጀርባችን ተሸክመን በሰዓቱ መኪናው ጋ የማንደርስበት ቦታ ላይ አጋዘኑ ቢቆምልንም አንወረውርም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ተራራ ላይ ግን የፈሰሰ ሁሉ አይለቀምም። ለእናታችንም መልሳችን ይኸው፦ ሥጋ አጥተን አይደለም። የምንበላው ነገር ነፍስ እንደነበረው አንዴ በዓይናችን አይተን፣ ኃላፊነቱን በእጃችን ልንወስድ ነው። ባዶ እጁን ለመመለስ ያልተዘጋጀ ከእኛ ጋር አይውጣ።