አረጋውያን ውሃ የሚቀንሱት ለምንድን ነው?

በቆቦ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። «ጠጡ» ሲባሉ «አልጠማኝም» ይላሉ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ስለሚቀንስ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ግን አፍረው አይናገሩትም፦ በሌሊት መጸዳጃ ቤት መሄድን ይፈራሉ። ውሃ ያነሰው ሰውነት ደግሞ ከአልጋ ሲነሱ ራስ ያዞራል፤ የፈሩት መውደቅም ይደርሳል።

ሰማንያን የተሻገሩ ጎረቤቴን «እትዬ፣ ሌሊት ሲነሱ በየት በኩል ነው የሚሄዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድንበት። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ፣ ግቢው ድንጋያማ ነው። ከመጸዳጃው ቀዳዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ለመነሳትም የሚይዙት ነገር የለም።

በየግቢው መጸዳጃ የተስፋፋው በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወዲህ ነው። ከቤት ራቅ ብሎ መቆፈሩም ትክክል ነው። ለአረጋዊ ግን ያ ርቀት የተስተካከለ መንገድ ይፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖር ያዘዘው ሕዝብ ለሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ነበር። የእትዬ ጎጆ የሚጠብቀው እኛን ጎረቤቶችን ነው።

ማሽላ ለመሰብሰብ ጅጌ እንደምንጠራ የሰፈሩን ወጣቶች ጠራን። የሠራነው ይህን ነው፦

ከደፉ ወደ ግቢው የሚወርድ ተዳፋት። ለ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 2 ሜትር ከ40 ርዝመት ያስፈልጋል፤ ካጠረ ቁልቁለት ይሆናል። ላዩ እንዳያንሸራትት ሻካራ ይሁን።

እስከ መጸዳጃው በባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ መደገፊያ። ከፍታውን በሜትር ብቻ ሳይሆን በእሳቸው ቁመት ለኩት። ዳርና ዳሩ ኖራ ከተቀባ በደከመ ዓይንም ይታያል።

ቀዳዳው ላይ የሚቀመጥ፣ መሃሉ የተከፈተና ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር። ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል።

እትዬ መጀመሪያ «ከዕድሜዬ ምን ቀርቶኝ ነው ይህ ሁሉ ድካም?» ብለው ነበር። ወንበሩን ግን ቁመቱን ራሳቸው ተቀምጠው አስተካከሉት። አሁን ውሃ ሲቀርብላቸው አይመልሱም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የሚጠጣውን የውሃ መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ። የወደቀ አረጋዊ መቆም አቅቶት አንድ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌው አጥንት ሳይሰበር አይቀርም፤ አታሹት፣ ወጌሻ አትጥሩ፣ ሳታንቀሳቅሱ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

በዚህ ሳምንት ወላጆቻችሁን «ውሃ ጠጡ» ከማለታችሁ በፊት የሌሊት መንገዳቸውን አብራችሁ ሂዱበት።