ቀይ ቀበሮን የሚያድናት ጭብጨባ ሳይሆን የውሻ ክትባት ነው

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሰነቴን አምባ ሰንጥቆ ያልፋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጎብኚ ከመኪናው ሳይወርድ ቀይ ቀበሮ ያያል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎቶ ይነሳል፤ "ሀገሬ!" ብሎ ይለጥፋል። መጎብኘቱ መልካም ነው። ክፋቱ፣ ብዙ ሰው ጥበቃ ማለት ይኸው ይመስለዋል።

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጭብጨባው ደመቀ። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ሁሉም ተደምሮ 500 ገደማ ነው። ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ይህን ቁጥር አንድ ወረርሽኝ ሊያጠፋው ይችላል። ነገሩ ሟርት አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ስርጭቱ የተገታው በአካባቢው የቀሩት ቀበሮዎች እየተያዙ በመከተባቸው ነው።

"እንግዲያው ከብት አርቢው ይውጣ" የሚል ወገን አለ። ይህ ወገን ውሻው ለምን እንደመጣ አይጠይቅም። አርቢው ውሻ የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም፤ ከብቱን ጅብ እንዳይበላበት ነው። ያ ውሻ ካበደ ደግሞ ከቀበሮው በፊት የሚነከሰው የአርቢው ልጅ ነው። ክትባቱ ሁለቱንም ያድናል፤ ማንንም ከቤቱ አያፈናቅልም።

ሌላው ወገን "ሰው እየተራበ ስለ ቀበሮ ማውራት ቅንጦት ነው" ይላል። ዌብና ወልመልን ጨምሮ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሱት ወንዞች በታችኛው ቆላ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያጠጣሉ። አምባው በግጦሽ ሲራቆት የሚጠማው ቀበሮው ብቻ አይደለም።

የሚያሳፍረው ሌላ ነው። የአካባቢውን ውሾች ለዓመታት ሲከትብ የኖረው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ነው። በሳንቲሟና በቴምብሯ ላይ አውሬዎቿን የምታትም ሀገር የውሻ መርፌ ከሰው እጅ ልትጠብቅ አይገባም። መንግሥት የክትባቱን ወጪ በየዓመቱ በመደበኛ በጀት ይያዝ። ከመግቢያው ክፍያ የሚገኘውም ገንዘብ በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች በግልጽ ይድረስ።

ጎብኚውም ድርሻ አለው፦ ሰነቴ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ዲንሾ ላይ ከአካባቢው ሰው አስጎብኚና ፈረስ ይከራይ፤ ትርፍራፊ ምግብ አይጣል፣ ውሻ የሚስበው እሱ ነውና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ባሌ ላይ ግን አንዴ ተቃጥሏል።