የ17 ዓመት ልጅ መያዣው ምንድን ነው?

ቀን የብድር ማመልከቻ ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ግጥም የሚጭር ሰው ስለ ሳንድዊች ቤት መጻፉ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን ያስገርም ይሆናል። የዳቦውና የሥጋው ነገር ግን ሰበብ ነው። ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ እምነት ነው፤ እምነት ደግሞ የባንክም የግጥምም ጉዳይ ነው።

በኒው ጀርዚ ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ፖይንት ፕሌዘንት የምትባል የእረፍት ጊዜ መዝናኛ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1956 «ማይክስ ሰብስ» የተባለች አንዲት ሳንድዊች ቤት እዚያ ተከፈተች። ፒተር ካንክሮ የሚባል ልጅ በ14 ዓመቱ ተቀጠረባት፤ ሥጋና አይብ በስሱ እየቆረጠ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየደረደረ፣ ኮምጣጤና ዘይት እያፈሰሰ አደገ። በ1975 ቤቲቱ ልትሸጥ ሆነ። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ አልጨረሰም። የሚያስፈልገው ገንዘብ 125,000 ዶላር ነበር። ብድሩን ያገኘው በልጅነቱ የአሜሪካ ፉትቦል ባሠለጠነው አንድ የባንክ ባለሙያ አማካይነት ነው።

የቀረውን ታሪክ በአጭሩ ልበለው። ለባሕር መዝናኛ የመጡ እንግዶች የቤቲቱን ጣዕም ወደየመጡበት ሊወስዱት ተመኙ። በ1987 «ጀርዚ ማይክስ» በሚል ስም ፍራንቻይዝ መስጠት ተጀመረ፤ ማለትም ሌላው ሰው በራሱ ገንዘብ ቤት ይከፍታል፣ ስሙንና አሠራሩን ይዋሳል፣ ለዚህም ከሽያጩ በመቶኛ ይከፍላል። ልብ በሉ፤ ክፍያው የሚታሰበው በሽያጩ ላይ እንጂ በትርፉ ላይ አይደለም። በዚህ መንገድ የአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ቤት የመላ አሜሪካ ሆነች። በኅዳር 2024 ብላክስቶን የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት አብዛኛውን ድርሻ ለመግዛት ሲስማማ፣ ተከፍተው የሚሠሩትና በመከፈት ላይ ያሉት ቅርንጫፎች ከ3,000 በላይ ነበሩ፤ ድርጅቱም ዕዳውን ጨምሮ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። ግዢው በጥር 2025 ተጠናቀቀ።

ይህ ታሪክ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዕድል ብለን ባለፍነው። ነገር ግን ሰብዌይን በ1965 በኮኔቲከት የመሠረተው ፍሬድ ዴሉካም የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ መነሻው ፒተር በክ የተባለ የቤተሰብ ወዳጅ የሰጠው 1,000 ዶላር ነው። በኢሊኖይ በ1983 የተወለደው ጂሚ ጆንስ ደግሞ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከአባቱ በተበደረው 25,000 ዶላር የተከፈተ ነው። አሠልጣኝ፣ ወዳጅ፣ አባት፤ ሦስቱም አበዳሪዎች ልጁን በስሙና በጠባዩ ያውቁታል። ሦስቱም ቤቶች በመጨረሻ የገቡት ግን ማንንም በስም በማያውቅ ትልቅ ገንዘብ እጅ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያዋ ብድር ናት። በእኛ አገር ባንክ ቤት ተበዳሪ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው «መያዣህ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ቤት ወይም መኪና ያለው ይቀጥላል፤ የሌለው ወረቀቱን አጥፎ ይወጣል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትናን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብቱንም እህሉንም በመያዣነት ለማስቆጠር በር ከፍቷል፤ መልካም እርምጃ ነው። ያም ቢሆን ግን የሚቆጥረው ንብረትን ነው። ንጋት ላይ ተነሥቶ ሱቅ የሚከፍት፣ የሰውን ገንዘብ ሳያጎድል የሚያስረክብ ልጅ፣ ይህ ልማዱ የሚጻፍበት መስመር በቅጹ ላይ የለም።

እርግጥ ነው፣ የሥራ ባልደረቦቼ ይሞግቱኛል። ገንዘቡ የባንኩ አይደለም፤ የአስቀማጩ ነው፤ የአስቀማጭን ገንዘብ በጠባይ አይቶ መበተን ደግሞ ቸርነት ሳይሆን ግፍ ነው ይላሉ። ተበድረው የከሰሩትን የ17 ዓመት ልጆች ማን ያወራላቸዋል? ሲሉም ይጨምራሉ። ሙግታቸው ከባድ ነው፤ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች እንደወደቁ አልጠራጠርም። ነገር ግን ካንክሮ የተሰጠው ምጽዋት አልነበረም። ከመግዛቱ በፊት ለሦስት ዓመታት በዚያች ቤት ሠርቷል፤ አበዳሪው ደግሞ ልጁን በሜዳ ላይ፣ ሲሸነፍም ሲያሸንፍም አይቶታል። ይህ ጭፍን እምነት አይደለም፤ ዕውቀት ነው። ጠባይ የማስረጃ ተቃራኒ ሳይሆን ራሱ ማስረጃ ነው፤ ልዩነቱ ለማንበብ ጊዜና ቅርበት መጠየቁ ብቻ ነው። ግጥም የምታነቡ እናንተ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የስንኙን ቁጥር የቆጠረ ሁሉ ግጥሙን አነበበ አይባልም።

የትልቅነት ፈተናም እዚህ ላይ ይመጣል። ዛሬ የጀርዚ ማይክስን ስም ተውሶ ቤት ልክፈት የሚል ሰው አስቀድሞ የሀብቱን መጠን ማሳየት አለበት። የ1975ቱ ፒተር ዛሬ ቢመጣ፣ ራሱ ባሳደገው ቤት በዋናው በር አይገባም ነበር። ድርጅቱ ይህን የዘነጋው አይመስለኝም፤ የቤት ሥራ አስኪያጆቹ ባለቤት እንዲሆኑ የሚያግዝ፣ በዚያው በአሠልጣኙ ስም የተጠራ ፕሮግራም አቋቁሟል። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የአሠልጣኙ ስም ከሽያጩ በላይ ይውል እንደሆነ የሚታየው ከእንግዲህ ነው። ሦስት ሺህ ቤት መክፈት ለትልቅ ገንዘብ አይከብደውም፤ የሚከብደው የሚቀጥለውን ልጅ በስሙ ማወቅ ነው።

ለእኛ ባንኮች ደግሞ ምኞቴ ትንሽ ነው። ሁሉም ብድር ያለ መያዣ ይሰጥ አልልም። ከሚበደረው ሁሉ ጥቂቱ፣ ተበዳሪውን በቅርብ የሚያውቅ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ፈርሞበት፣ በጠባይና በሥራ ልማድ እንዲሰጥ ይፈቀድ። ፈራሚውም በምስክርነቱ ይጠየቅ። ይህን እያሰብኩ የጫርኳትን ስንኝ ላካፍላችሁና ልሰናበት፤

ቤት መሬት የለውም፣ ምን ይያዝ? አላችሁ፤
እጁን አታዩም ወይ፣ ዳቦ ሲሰጣችሁ?