የእናት ሥራ፦ «የለም»

 

እኛ አስተማሪዎች ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ለአዲስ ተማሪዎቻችን አንድ ቅጽ እናስሞላለን። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ሥራ፣ የእናት ሥራ እያለ የሚሄድ ነው። የአባት ሥራ በሚለው ላይ ልጆቹ «ነጋዴ»፣ «ሹፌር»፣ «ግንበኛ» እያሉ ሳያመነቱ ይጽፋሉ። የእናት ሥራ ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከፊሎቹ «የቤት እመቤት» ይላሉ። ከፊሎቹ ደግሞ «የለም» ብለው ያልፋሉ። እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ልጅ የለበሰው ዩኒፎርም ማታ ታጥቦ ጠዋት የተተኮሰው፣ በምሳ ዕቃው የያዘው ፍርፍር ሰው ሁሉ ሳይነቃ የተሰናዳው ሥራ «የላትም» በተባለችው እናት እጅ መሆኑን አላሰበም። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ቤት ውስጥ ሲባል የሰማውን ነው የጻፈው።

አማርኛችንም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ፍርዱ የተዛባ ነው። «እገሊት ምን ትሠራለች?» ስንባል «ኧረ ቤት ቁጭ ብላ ነው» እንላለን። ሱብሒ ሰግዳ ቁርስ ከማሰናዳት ጀምሮ ዒሻ ሰግዳ ልጅ እስከምታስተኛ ድረስ ለመቀመጥ ፋታ ያላገኘች ሴት «ቁጭ ብላ ነው» ትባላለች። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለው ሰው ግን «ሥራ ውሎ መጣ» ይባላል። (ቢሮ የምትውሉ ወንድሞች እንዳትቀየሙኝ፤ የተቀመጠ ሁሉ አልሠራም ማለቴ አይደለም።)

ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ተምረው፣ ሥራም ይዘው ከቆዩ በኋላ ልጅ ለማሳደግ ሲሉ ቤት ስለቀሩ እናቶችና ከየአቅጣጫው ስለሚወርድባቸው ፍርድ ነው። እኔ ራሴ ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ጠመኔ ይዤ የምውል ነኝ። ስለዚህ ለራሴ ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስላችሁ።

አንዲት የማውቃት እህት አለች። ስሟን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ግን ራሳችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ታዩባታላችሁ። ሒሳብ አያያዝ ተምራ፣ ተመርቃ ሥራ ከያዘች ቆይታለች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ከወሎ መጥተው ስላገዟት ወደ ሥራ ለመመለስ አልተቸገረችም። በሁለተኛው ልጅ ግን እናቷ አቅም አጡ። አምና የለመደቻት ሠራተኛ ዓረብ አገር ሄደች፣ የተተካችው ሁለት ወር ሳትቆይ ወጣች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሴት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጣል። ለአባትየው የሰጠው 3 ቀን ነው። ዘጠና ቀን የሞላው ሕፃን ገና አንገቱን ማቅናት የጀመረ ነው። ባልና ሚስቱ አንድ ማታ ወረቀት አውጥተው የሞግዚቷን ክፍያ፣ የቆርቆሮውን ወተት፣ የታክሲውን ሒሳብ ከእሷ ደመወዝ ላይ ቢቀንሱት የቀረው እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ተመካከሩና ሥራውን ተወች።

አራስ ሳለች ሰፈሩ ሁሉ የእሷ ነበር። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የአብሹ ውኃ ሳይቋረጥ ነው የከረመው። አርባው ቀን አልፎ ጥቂት ወራት ሲቆጠሩ ግን ያው ገንፎ ይዞ የመጣ ሰው ጥያቄ ይዞ መምጣት ጀመረ። «እስከ መቼ ነው?» አማቷ ቡና ላይ ተቀምጠው፣ ለእሷ ሳይሆን ለጎረቤት የሚናገሩ መስለው፣ «ልጄ ብቻውን ነው ቀንበሩን የሚጎትተው» አሉ። የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ ሲያገኟት «አይሰለችሽም ግን?» ይሏታል። አባቷ ደግሞ በጣም አዘኑ። እሳቸው በልጅነታቸው ሴት ልጅ ተምራ የት ትደርሳለች ከሚባልበት አገር ናቸው፤ የሰፈሩን አፍ ችለው፣ ከብት ሸጠው ነው ያስተማሯት። «ልጄ፣ ለጓዳ ከሆነማ እዚያው ነበርሽ» አሏት። የእኚህን አባት ንግግር ከሌላው ጋር አንድ ላይ ልፈርደው አልችልም። እሳቸው ዲግሪ ሲሉ ወረቀቱን አይደለም። ባል ቢሞት፣ ቢከዳ ልጃቸው የሰው ፊት እንዳታይ ያበጁላት መከታ ነው።

እህታችን ግን ከሁሉም በላይ ያሳዘናት ሙገሳ ነበር። የሴቶች ደርስ ላይ አንዲት ሴት «ማሻአላህ! ሴት ማለት እንዲህ ናት። እንደነዚህ ልጃቸውን ለሠራተኛ ጥለው እንደሚዞሩት አይደለችም» ብላ አመሰገነቻት። አጠገቧ የተቀመጠችው የሌሊት ተረኛ ነርስ ነበረች፤ እናቷንም ታናናሾቿንም የምታስተዳድር። አንገቷን ደፋች። ተመልከቱ፦ ቤት የቀረችው ቤት በመቅረቷ ትወቀሳለች፣ የምትሠራው በመሥራቷ ትወቀሳለች፣ አንዷን ለማመስገን ሌላዋ ትመታለች። የሁለቱንም ጓዳ ገብቶ ያየ ሰው የለም።

ነገር ግን እህቶቼ፣ የሰፈር ወሬ ይቻላል። በር ሲዘጋ ውጭ ይቀራል። የማይቻለው ወሬው ከቤት ውስጥ ሲነሳ ነው። ይህችን እህት የሰበራት የአማቷ ቡና አልነበረም። አንድ ቀን ለሕፃኑ ልብስ ገንዘብ ስትጠይቅ ባሏ፣ ያውም ደግ የምንለው ሰው፣ «ባለፈው የሰጠሁሽን ምን አደረግሽበት?» አላት። ሥራ በነበረችበት ጊዜ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ጉዳይ ሐሳብ ስትሰጥ ድምጿ እየቀነሰ መጣ። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲላት እሷም ራሷ «ምንም» ማለት ጀመረች። ቅጽ የሚሞላው ልጅ «የለም» የሚለውን ቃል የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሰዎች ሁኔታ እንይ። ስለ ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ንግድ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማነሳው የአቡበክርን ልጅ አስማእን (ረ.ዐ.) ነው። ታሪኳን ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። የሀብታም ነጋዴ ልጅ ሆና ዙበይርን ስታገባ እሱ ከፈረሱና ውኃ ከሚያመላልስበት ግመል በቀር ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረውም። ፈረሱን የምታበላ እሷ፣ ውኃ የምትቀዳ እሷ፣ የቆዳውን ባልዲ የምትሰፋ እሷ፣ ሊጡን የምታቦካ እሷ ነበረች። የተምር ፍሬ በራሷ ተሸክማ ከሩቅ መሬት ድረስ በእግሯ ትመላለስ ነበር። ዳቦ መጋገሩ ግን አይሆንላትም ነበር። ታዲያ የመዲና ጎረቤቶቿ ምን አደረጉ? የአንሷር ሴቶች እየመጡ ይጋግሩላት ነበር! አስማእም እነዚያን ሴቶች ቅኖች ነበሩ እያለች ታስታውሳቸዋለች። «የአቡበክር ልጅ ዳቦ እንኳን አትችልም» አላሏትም። በኋላ አባቷ የፈረሱን ሥራ የሚይዝላት አገልጋይ ሲልክላት ከባርነት ነፃ የወጣች ያህል እንደተሰማት ተናግራለች። የቤት ሥራ ከባድ እንደነበር በግልጽ ተናገረች፤ ማንም አማራሪ ናት ብሎ አልነቀፋትም፣ ዑለማእም ንግግሯን ሳይቆርጡ ለእኛ አደረሱልን።

ወንድሞችን የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። መድረሳ ፊቅህ የቀራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ብዙዎቹ የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀብ ሊቃውንት ምግብ ማብሰልና ቤት መጥረግ በኒካሑ ውል ሚስት ላይ የታሰረ ግዴታ አይደለም ይላሉ። ሐነፊዎች በዲኗ ይጠበቅባታል፣ ቃዲ ግን አያስገድዳትም ይላሉ። ኢብኑ ተይሚያን የመሳሰሉት ደግሞ በአገሩ ልማድ መጠን ይገባታል ብለዋል። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን ልተወው። ቁም ነገሩ ግን፣ ሚስትህ ድስቱን የምትጥደው ብዙ ሊቃውንት ግዴታዋ ነው ለማለት ያልደፈሩትን ሥራ መሆኑን ማወቅህ ነው። አንተ የምትሰጣት ቀለብ ግን ሁሉም መዝሀብ ግዴታህ ነው ያለው ነው። እንግዲህ በቤቱ ውስጥ ማን ለማን ውለታ እየዋለ እንደሆነ አስቡት። በአል-በቀራ ምዕራፍ 233ኛው አንቀጽም ማጥባት ለሚፈልጉ ሁለት ሙሉ ዓመት ተወስቷል፤ የእናትየው ምግብና ልብስ በአባት ላይ ነው፤ ልጁን ጡት ለማስጣል እንኳ የሁለቱ ምክክርና ስምምነት ተጠይቋል። ልጅ ጡት የሚያስጥል ውሳኔ ምክክር የሚፈልግ ከሆነ፣ ልብስ መግዣ ገንዘብ ምርመራ ሊሆን አይገባውም።

የዓለም የሒሳብ አያያዝም ከእኛ ሰፈር የተሻለ አይደለም። የአገር ገቢ ሲሰላ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ይቆጠራል፤ ያንኑ ወጥ እናት ስትሠራው አይቆጠርም። ፒጉ የተባለው እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ገና ድሮ እንዳለው፣ አንድ ሰው ምግብ አብሳዩን ቢያገባት የአገሪቱ ገቢ ቀነሰ ይባላል። ሴትየዋ ያንኑ ድስት እያማሰለች!

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ቤት ለመቅረት የምታስብ እህት ስለ ገንዘብና ንብረት ቀድማ ትነጋገር። ይህን ማንሳት ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራቸው እንደሆነ ይደነግጋል። የባል ደመወዝም በዚህ ውስጥ ነው። በሸሪዓ በኩል ደግሞ የሚስት ሀብት የሚስት፣ የባልም የባል ነው፤ መህሯና ውርሷ ላይ ባል እጁን አያስገባም። እንግዲያው ደመወዝ የተወች ሴት በራሷ ስም የሆነ ነገር ያስፈልጋታል ማለት ነው። ከላይ ያነሳኋት እህት ከብዙ ዝምታ በኋላ ጉዳዩን ለባሏ በግልጽ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ወጪ ወር በገባ ቁጥር በእጇ ይገባል፣ ምርመራ የለበትም። ከዚያ ሌላ በትንሹም ቢሆን በስሟ በተከፈተ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይቀመጥላታል። ጁምዓ ከሰዓት ልጆቹን እሱ ይይዝና እሷ የአንድ ሱቅ ሒሳብ ትሠራለች፤ ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም እጇ አይረሳም። ባልየው መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ ልጅ አዝሎ ሲያዩት ያፍር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ የሰላት ሰዓት ሲደርስም ይወጡ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የተናገረችውን ሲሰማ ነው ቀለል ያለው ይባላል። (እኔ የሚመስለኝ ልጁ ስለለመደው ነው።)

ለኒካሕ የምትዘጋጁ ወጣቶችም፣ ስለ ድግሱና ስለ ቬሎው የምትነጋገሩትን ግማሽ ያህል ይህን ተነጋገሩበት። ልጅ ሲመጣ ማን ምን ይተዋል? ሚስት ሥራዋን እንድትቀጥል ከፈለገች በኒካሑ ጊዜ በግልጽ ትናገር። ቤት እቀራለሁ ካለች ደግሞ ለስንት ጊዜ፣ በምን ሁኔታ?

አባቷ እስካሁን ልባቸው አልረጋም። ባለፈው ዒድ ሊጠይቋት መጥተው የልጅ ልጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «መቼ ነው ታዲያ የምትመለሺው?» አሏት። «ትንሹ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው አባባ፣ ኢንሻአላህ» አለቻቸው። እሳቸውም ሕፃኑን እያዩ በጣታቸው ዓመቱን መቁጠር ጀመሩ።