ዊካና የኛው ዛር፦ ከቪዲዮው ጀርባ ያለው

በቲክቶክ «ዊችቶክ» በሚል መጠሪያ የሚለቀቁ ቪዲዮዎች ሻማና የዕጣ ካርድ ደርድረው ጥንቆላን የወጣት ፋሽን አስመስለውታል። በእነዚህ ቪዲዮዎች ስሙ የሚነሳው ዊካ ግን ራሱን የቻለ እምነት ነው። የብሪታንያ የጥንቆላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተሻረ በኋላ፣ ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረተኛ የጉምሩክ ሠራተኛ በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ አስተዋወቀው። ተከታዮቹ «ሰይጣንን አናመልክም» ይላሉ፤ ያላሉትን አሉ ማለት አይገባም። ሆኖም አብዛኞቹ ወንድና ሴት አማልክት ያመልካሉ፣ አስማትም ይሠራሉ። ለሙስሊም ይኸው በቂ ነው።

ከወልድያ እስከ መርሳ ዊካን በስሙ የሚያውቅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ዛርን ግን የማያውቅ የለም። እሱም «ባህላችን ነው» እየተባለ ሲቆነጃጅ እንሰማለን። የሚያስከፍለው ግን አይነገርም። የተያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ጋላቢው ቀለሙ የተመረጠ ዶሮ ወይም በግ፣ ሽቶ፣ ልብስ ያዛል። ደግሞም ዛሩ በግብር ይታረቃል እንጂ አይለቅም፤ ስለዚህ ዕዳው አያልቅም።

በየጁ ምድር፣ ዳናን የመሰለ የዒልም ማዕከል በነበረበት አገር፣ ነገሩን የሚያወሳስበው የዲን ልብስ መልበሱ ነው። ወዳጃ ሰዎች ተሰባስበው፣ ቡናና ጫት ቀርቦ ዱዓ የሚደረግበት የወሎ ልማድ ነው። በዝርዝሩ ዑለማዎቻችን ይለያያሉ፤ ውይይቱ ለእነሱ ይቆይ። «ውቃቢው ጥቁር ዶሮ ጠይቋል» ከተባለ ግን ያ ለአላህ የሚደረግ ዱዓ መሆኑ ቀርቶ ሺርክ ሆኗል። የእናትህን ስም ጠይቆ ዕጣህን የሚነግርህ፣ የማይነበብ ክታብ የሚጽፍልህም ሸኽ ቢባል ጠንቋይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሄዶ የጠየቀ የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል።

ሲሕርም ጅንም እውነት መሆናቸውን እናምናለን። የሚወድቅ ሁሉ ግን ጅን የያዘው አይደለም። አረፋ የሚደፍቀውን ልጅ ቃልቻ ቤት ማመላለስ ዓመታትን ይበላል፤ እሳት ላይ ወድቆ የሚቃጠልም አለ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ በአግባቡ ከታከሙ ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ሩቅያ ከክኒን ጋር አይጣላም፤ ቁርኣን እየተቀራበትም መድኃኒቱን ይውሰድ። ከመርሳ ወልድያ ሆስፒታል ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።