መጋረጃ ለማን ይሰቀላል?

መጋረጃ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን መቅደሱ በመጋረጃ ይከለላል፤ በቀድሞ ዘመን ንጉሥ ማዕድ ሲቀርብም መጋረጃ ይጋረድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በባላገሩም ቤት ቢሆን እንግዳ ሲጎርስ ከሰው ዓይን እንዲሰወር ነጠላ ይዘረጋለት ነበር። ስለዚህ መጋረጃን የለመድነው በከላይነቱ ነው። የመስኮት መጋረጃ ግን ሌላም ሥራ አለበት፤ ብርሃንን፣ አየርንና ብርድን በልክ እንዲያስገባ የቆመ በረኛ ነው። በረኛ ደግሞ በር ዘግቶ የሚተኛ ከሆነ ደመወዙ በከንቱ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በከተማው ክፍል የሚከራየው ተማሪና አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። ይህ ወጣት ከአልጋው ቀጥሎ የሚያስበው መጋረጃ ነው። ብዙውን ጊዜም ክብደቱንና አበባውን አይቶ፣ እስከ ወለል የሚወርደውን መርጦ፣ ከደመወዙ ብዙውን ያወጣበታል። ከሰቀለው በኋላ ግን ሌሊትም ቀንም አይገልጠውም። በቀትር አምፑል አብርቶ ያነባል፤ ክፍሉ በክረምት ይሻግታል። እንግዳ ያደነቀው ጌጥ ለባለቤቱ ጨለማ ሲሆን፣ «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» ማለት ይህ አይደለምን?

እንግዲህ የምርጫው መነሻ ጨርቁ ሳይሆን ፀሐይዋ መሆን ይገባታል። ደብረ ማርቆስ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ቀኗ ፀሐይ፣ ሌሊቷ ብርድ ነው። ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ብርድ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ቤት የሚያሞቀው የደቡብና የምሥራቅ መስኮት ነው፤ ጧት ሊገለጥ ይገባዋል። የምዕራቡ መስኮት ግን በበጋ ከሰዓት በኋላ ቢጋረድ መልካም ነው፤ በደጋ አገር የፀሐይ ጨረር ጠንካራ ስለሆነ ጨርቅና መጽሐፍ ያነጣል።

«ጎረቤት ያየኛል» የሚል ቢኖር እውነት አለው። ነገር ግን ቀን ውጭው ከውስጡ ይልቅ ስለሚበራ ስስ ነጭ ጨርቅ ብቻውን ይሰውራል። ማታ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣልና ያን ጊዜ ወፍራሙ ይሳብ። ስለዚህ አንድ ውድ መጋረጃ ከመግዛት፣ አንድ ስስና አንድ አቡጀዲ ገበር ያለው መካከለኛ ጨርቅ መያዝ ይሻላል። ለሽንሽኑ የመስኮቱን ወርድ እጥፍ መለካት ይበቃል። ብረቱ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ቢያልፍ፣ መጋረጃው ሲከፈት መስተዋቱን አይሸፍንም። ቁመቱም ከመስኮቱ ደፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ካለ በቂ ነው፤ ወለል የሚጠርግ መጋረጃ አቧራና እርጥበት ይሰበስባል። የሸማኔ ጥጥ የመረጠም ከመቁረጡ በፊት ይጠበው፤ ካልታጠበ ኋላ ይሰበሰብበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በብርድ ሌሊት የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍል አስገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ወፍራሙን መጋረጃ ስቦ መተኛት ሰው ይገድላል። የከሰል መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ የተኛውን ሳያስነቃ ይወስዳል። ፍሙ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። እንዲሁም የሳንባ ነቀርሳ በሽታ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ብዙዎች በአንድ ክፍል ተዳብለው የሚኖሩ ተማሪዎች ይህን ሊዘነጉ አይገባም።

ወጣቶች ሆይ፣ ቤትን ማስዋብ ነውር አይደለም፤ የሥልጣኔም ምልክት ነው። ሆኖም መጋረጃ የሚሰቀለው በመንገድ ለሚያልፈው ሳይሆን በውስጡ ለሚያነበው፣ ለሚተኛውና ለሚተነፍሰው ነው። ነገ ጧት ስትነሡ በመጀመሪያ መጋረጃችሁን ግለጡ፤ ቀጥሎም መስኮቱን ክፈቱ። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም።